ዲዳው መስታወት

አሮጌውን የከተማ በር ሲያጠና የነበረው ፕሮፌሰር ላምቤርቶ የተገኘው እዚያው በሩ ስር በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ማጅራቱ ተፈርክሷል። ከትከሻው አጠገብ ሁለት እጅ የሚሞላ ድንጋይ ወድቋል። ያገኘው ወተት አመላላሹ ነው። ለጥናቱ ሲባል መተላለፊያው በሁለቱም በኩል በሳንቃ ከተዘጋ ወዲህ፣ ሳንቃውን እያነሳ ሹልክ የሚል እሱ ብቻ ነበር።

የሮካልባና ከተማ የካራቢኔሪ ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ ማሬሻሎ ኔሪዮ ካስታልዲ ሲደርስ ከንቲባው አልቼስቴ ፖጂ ቀድሞት ቆሟል። ከንቲባው ወፍራም ነው፤ እጁ ግን ዛሬም የግንበኛ እጅ ነው። ሹመት ሳያገኝ በፊት የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ነበር።

«በሩ ገደለው» አለ ከንቲባው። «ስናገር ሰሚ አጣሁ። ሰላዮቹን እያቸው፤ አንድም የተረፈ የለም።»

ሰላይ የሚሉት ስስ መስታወት ነው። ግድግዳ ሲሰነጠቅ፣ ስንጥቁን አሻግረው ሁለቱን ጫፎቹን በጄሶ ይለጥፉታል። ግድግዳው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። በበሩ ጣሪያ ስር ሦስት ስንጥቆች ነበሩ። የሦስቱም መስታወት ረግፏል። ከቀኙ ግድግዳ ጥግ ደግሞ አራተኛ መስታወት ነበረ፤ እሱም ተሰብሯል።

ማሬሻሎው ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለ። የሟቹ ራስ ወደ ቀኙ ግድግዳ ዞሯል። የሱሪው ጉልበቶች አቧራ ይዘዋል። የቀኝ እጅጌው እስከ ትከሻው ድረስ በኖራ ነጥቷል፤ ግራው ንጹሕ ነው። ድንጋዩን ገለበጠው። ከስሩ እርጥብ አፈር ተጣብቆበታል፤ አፈሩ ውስጥ አንዲት ቀንድ አውጣ ተሸጉጣለች። መልሶ እንደነበረ አስቀመጠው።

ከንቲባው ከክፍለ ሀገሩ መሐንዲስ ማስጠራቱን ነገረው። ሰውዬው ከነገ ወዲያ መጥቶ በሩ አደገኛ ነው ብሎ ይፈርማል፤ ከዚያ ይፈርሳል። እስከዛሬ የከተማው ምክር ቤት እሺ አላለም ነበር። የጭነት መኪና በበሩ ማለፍ ስለማይችል የተራራው ወይን በሌላ ከተማ በኩል ይዞር ነበር፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። በሩን ግን መንካት የሚደፍር አልነበረም። አባቶቻችን ከተማዋን የከበባትን መስፍን የመከቱበት ነው ይባላል። በየዓመቱ በቅዱስ ቢያጆ ዕለት የትምህርት ቤት ልጆች የሎረል ቅጠል ጉንጉን አምጥተው ከስሩ ያኖራሉ።

«አሁን ግን ሰው ገደለ» አለ ከንቲባው። «ጉንጉን ለነፍሰ ገዳይ አይሰጥም።»

ከበሩ በላይ ሁለት ክፍሎች አሉ። እዚያ የሚኖሩት ባል የሞተባቸው አሮጊት ናቸው፤ ሲኞራ ዴልፊና። ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ በጎን ደረጃ ወርደው የማሬሻሎውን እጅጌ ያዙ። ከንቲባው ጠዋት ሰው ልኮ ዕቃሽን ጠቅልይ ብሏቸዋል። ለአርባ ዓመት ከኖሩበት ቤት የት እንደሚሄዱ ግን የነገራቸው የለም። ማሬሻሎው ትናንት ማታ ምን እንደሰሙ ጠየቃቸው። ምንም አልሰሙም። በማታው ጸሎት ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ ሲመለሱ በጎን ደረጃ ወጥተው ተኙ።

«ስማኝ ልጄ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ከበሩ ጣሪያ በላይ ነው የምተኛው። መደርደሪያዬ ላይ ሳህን በሳህን ላይ ደርድሬያለሁ። ይሄ በር ቢንቀሳቀስ ኖሮ አንዱ እንኳ አይወድቅም? በሩ ጽኑ ነው። እሱን ብቻ ንገርልኝ። ሌላ ምንም አልለምንህም።»

«የማውቀውን እናገራለሁ ሲኞራ።»

«የምታውቀውን ሳይሆን ጽኑ መሆኑን ተናገር» አሉት።

ለፕሮፌሰሩ ይሠራ የነበረው ዋናው ግንበኛ ሴቲሚዮ ሳንቃውን ተደግፎ ያጨስ ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሥራ እንዳበቃ በወተት ጋሪው ተሳፍሮ ልጁ ወዳለችበት መንደር ሄዶ፣ ዛሬ በዚያው ጋሪ ነው የተመለሰው። ወተት አመላላሹም ይህንኑ ብሏል። ማሬሻሎው ስለ አራተኛው መስታወት ጠየቀው። ከስሩ ስንጥቅ የለም፤ ግድግዳው ሙሉ ነው።

ሴቲሚዮ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። «እሱ ዲዳው ነው።»

«ዲዳው ምንድን ነው?»

«ግንበኛ ሰላይ ሲያቆም አንዱን ጤነኛ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ምንም ሊናገር አይገባውም፤ ለዚህ ነው ዲዳ የምንለው። ሌሎቹ ተሰብረው ዲዳው ከተረፈ ግድግዳው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ዲዳውም ከተሰበረ ወይ ውርጭ ነው ወይ ባለጌ ነው።»

ወይን ተለቅሞ ያበቃበት ሰሞን ነው። ውርጭ ገና አልመጣም።

«ይህን ማን ያውቃል?»

«በኖራ የቆሸሸ ሁሉ ያውቃል። ኮት ለባሾቹ አያውቁም» አለ ሴቲሚዮ። ከንቲባውን በአገጩ እያመለከተ «ያ ኮት የለበሰው ግን ያውቃል። ወጣት ሳለን አንድ ባልዲ ነበር የምንሸከመው። ባልዲውን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ እንጂ» ብሎ ጨመረ።

ማሬሻሎው የሟቹ ቀኝ እጅጌ በኖራ መንጣቱን ነገረው። ሴቲሚዮ ወደ ቀኙ ግድግዳ ሄደ፤ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ በመዳፉ ዳሰሰ፤ ከዚያ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

ትናንት፣ ከመሄዱ በፊት፣ ፕሮፌሰሩ እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ኖራ እንዲቀርፍ አዝዞት ነበር። ከኖራው ስር በድንጋይ የተደፈነ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ወጣ። ድንጋዮቹ ሲወጡ ፕሮፌሰሩ እጁን እስከ ትከሻው ቢከትም መጨረሻውን አላገኘውም። እንደ ልጅ ፈነጠዘ። ሴቲሚዮ ክፍት ትቶት ነው የሄደው። አሁን ጉድጓዱ የለም። ግድግዳው ድፍን ነው።

«ጄሶ ነው» አለ ሴቲሚዮ። «ለመስታወቶቹ ያስቀመጥኩት ጄሶ። ዝናብ በሚመታው ግድግዳ ላይ ጄሶ! አንድ ክረምት አይቆይም። ይሄን የሠራ ሰው በሕይወቱ አንድ ጡብ አልደረደረም።»

«ፕሮፌሰሩ ጉድጓዱን ሲያይ ምን አለህ?»

«‹ሴቲሚዮ፣ ይሄን በር የሚዘጋው ሰው የት ይቆም እንደነበር አስበህ ታውቃለህ?› አለኝ። እኔ መገንባት እንጂ መዝጋት አላውቅም አልኩት። ሳቀብኝ።»

ማሬሻሎው ስለ ጉድጓዱ ለማንም እንዳይናገር አስጠነቀቀው። ሴቲሚዮ ብዙ ጊዜ ዝም ማለት የሚወድ ሰው ስለነበር ይህ አልከበደውም።

ከሰዓት በኋላ ማሬሻሎው ወደ መምህር ቴዎባልዶ ቤት ወጣ። መምህሩ ከተማውን በሙሉ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው፤ የከንቲባውንም የሴቲሚዮንም ጆሮ ጎትተዋል። ጡረታ ከወጡም በኋላ የቅዱስ ቢያጆ ዕለት ልጆቹን በሁለት ረድፍ አሰልፈው ወደ በሩ የሚወስዱት እሳቸው ናቸው። ስለ በሩ ትንሽ መጽሐፍ ጽፈዋል። መጽሐፏ በየቤቱ ከጸሎት መጽሐፍ አጠገብ ትቀመጣለች።

ቤቱ ቀዝቃዛ ነበር። መምህሩ ወይን ቀዱለት። ጥቂቱ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ፕሮፌሰሩን መጨረሻ ያዩት እሁድ ዕለት ከቅዳሴ ሲወጡ መሆኑን፣ ከዚያ ወዲህ ጉንፋን ይዟቸው ከቤት እንዳልወጡ ተናገሩ። ስለ ሟቹ ብዙ አልጠየቁም። ደጋግመው የጠየቁት ስለ መሐንዲሱ ነው።

«በእርግጥ ያፈርሱታል? መጠገን አይቻልም? በብረት አስሮ ማቆም አለ አይደል?»

«ከንቲባው ማፍረስ ነው የሚፈልገው።»

«ሰው በሞተ ቁጥር በር አይፈርስም» አሉ መምህሩ።

ማሬሻሎው የበሩን ታሪክ እንዲነግሩት ጠየቀ። እዚህ ላይ ሰውዬው ቀና አሉ። የታችኞቹ ትልልቅ ድንጋዮች ያለ ኖራ የተነባበሩ የጥንት ሰዎች ሥራ ናቸው። ከዚያ በላይ ያለው ቅስት አባቶች ጌታ ሳይኖራቸው በገዛ እጃቸው ያነሱት ነው። መስፍኑ ከተማዋን ሲከብ ሴቶች ሳይቀሩ ድንጋይ ተሸከሙ። መምህሩ እያንዳንዱን ድንጋይ እንደ ዘመድ ያውቁታል። ማሬሻሎው ሲሰማቸው ሰውዬው ደስ ይሉት ነበር።

«ፕሮፌሰሩ ግን ሌላ አሳብ ነበረው ይባላል» አለ ቀስ ብሎ።

መምህሩ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «የምን አሳብ! ከአንድ ጉድጓድ ተነስቶ የስንት መቶ ዓመት ታሪክ ይገለበጣል? ያ እኮ የቀረጥ ዘበኞች ኋላ የቦረቦሩት ነው። የበር መወርወሪያ ቀዳዳ የትም አለ።»

ማሬሻሎው የቀረውን ወይን ጠጣ። አመስግኖ ወጣ።

መሐንዲሱ በሚመጣበት ጠዋት፣ ሰው ሳይሰበሰብ፣ ማሬሻሎውና ሴቲሚዮ ጄሶውን አነሱት። ከጀርባው የተጠቀጠቀው ጠጠር ተዘረገፈ። ማሬሻሎው ተንበርክኮ እጁን ከተተ። የጉድጓዱ ከንፈር ሆን ተብሎ የተጠረበ ነው፤ ከግድግዳው ድንጋዮች ጋር ተያይዞ የተገነባ እንጂ ኋላ የተቦረቦረ አይደለም። ከዚያ ተነስቶ የድሮዎቹ የበር መዝጊያዎች የሚንጠለጠሉባቸውን ዝገት የበላቸውን ብረቶች ፈለገ። አገኛቸው። ብረቶቹን አየ፣ ጉድጓዱን አየ።

«ምነው?» አለው ሴቲሚዮ።

«ምንም» አለ።

ከላይ ሲኞራ ዴልፊና በመስኮት ብቅ ብለው ያዩት ነበር። መጋረጃዎቻቸውን አላወረዱም።

መሐንዲሱ በአውቶቡስ መጣ፤ ቀጭን፣ ለመመለስ የቸኮለ ሰው ነው። ማሬሻሎው ከንቲባውን፣ መምህሩን፣ ሴቲሚዮንና ሲኞራ ዴልፊናን በበሩ ስር ሰብስቧቸዋል። ከሳንቃው ውጭ የከተማው ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ ቆሟል። እያንዳንዱ ቃል ወደ ውጭ ይሰማ ነበር።

ማሬሻሎው በድንጋዩ ጀመረ። ከጣሪያ የወደቀ ድንጋይ ኖራ እንጂ እርጥብ አፈርና ቀንድ አውጣ አይኖረውም። ይህ ከውጭ፣ ከግንቡ ስር ካለው የድንጋይ ክምር የመጣ ነው። ቀጥሎ ዲዳውን አሳየ። ግድግዳው ሙሉ ነው፤ መስታወቱ ግን ተሰብሯል። ይህ እጅ ነው። አንድ ሰው ገደለ፤ ከዚያ በሩ የገደለ እንዲመስል መስታወቶቹን አንድ በአንድ ሰበረ። የዲዳውን ነገር ስለማያውቅ እሱንም አልማረውም።

መሐንዲሱ ጣቱን በጤነኛው ግድግዳ ላይ አሳለፈ፤ ስንጥቆቹን አንድ በአንድ በመብራት አየ። ስንጥቆቹ የድሮ እንደሆኑ፣ ውስጣቸው የሸረሪት ድር እንዳለ፣ በሩ ከሁላቸውም ዕድሜ በላይ እንደሚቆም ተናገረ። ሊፈርመው ያመጣውን ወረቀት ቦርሳው ውስጥ መለሰው። ሲኞራ ዴልፊና አማተቡ። ከንቲባው ጫማውን ያይ ነበር።

«አንተ ዲዳውን የዚያን ዕለት ጠዋት አይተኸዋል» አለው ማሬሻሎው። «ምን ማለት እንደሆነም ታውቃለህ። አንተ ብትሆን ኖሮ እሱን ትተወው ነበር፤ ስለዚህ ገዳዩ አይደለህም። ግን ዝም አልክ።»

«ያልጠየቅከኝን ልመልስ?» አለ ከንቲባው። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። በሩ ድኗል። አሮጊቷ በእርጥብ ዓይናቸው አተኩረው ያዩት ነበር፤ በቃ፣ አመሰግናለሁ፣ በቃ፣ የሚሉ ይመስላሉ። ማሬሻሎው የሚቀጥለው ቃሉ ምን እንደሚያመጣ ከጠዋት ጀምሮ ያውቃል። የገዳዩን ስም ያለ ምክንያቱ መናገር አይቻልም፤ ምክንያቱ ደግሞ እዚያው ግድግዳው ውስጥ ነው። ቆቡን አውልቆ ዝናቡን አራገፈና ቀጠለ።

ሟቹ ተንበርክኮ፣ እጁን እስከ ትከሻው ከትቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የተመታው። ያገኘውን ለሰው እያሳየ ነበር። ለከንቲባው አያሳይም፤ ለከንቲባው ድንጋይ ድንጋይ ነው። ለሴቲሚዮ አሳይቶታል፤ ሴቲሚዮ ደግሞ ዲዳውን የለጠፈው ራሱ ነው፣ በጄሶም አይደፍንም፣ ማታም እዚህ አልነበረም። ሲኞራ ዴልፊና ራሳቸውን ቤት የሚያሳጣ ሥራ አይሠሩም። ጉድጓዱ ከሰዓት በኋላ ተከፈተ፤ ጠዋት ተደፍኖ ተገኘ። በመካከሉ ያየው ገዳዩ ብቻ ነው።

«መምህር» አለ ማሬሻሎው «እኔ ጉድጓድ የሚል ቃል ከአፌ አላወጣሁም። እርስዎ ነዎት ያወጡት። እሁድ ብቻ ያዩት ሰው፣ ጉንፋን ይዞት ቤት የዋለ ሰው፣ ጉድጓዱን በምን አወቀው?»

መምህሩ አልካዱም። በትራቸውን ይዘው እንደቆሙ ነበሩ።

ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ከውጭ አንድ ሰው «ጉድጓዱ ምን አለው?» ብሎ ጮኸ።

ማሬሻሎው ወደ ብረቶቹ ሄደ። «መዝጊያዎቹ እዚህ ነው የሚንጠለጠሉት። መወርወሪያው፣ መዝጊያውን የሚያግደው ረጅም ግንድ፣ የሚወጣበት ጉድጓድ ደግሞ እዚያ ነው፤ ከመዝጊያው ወደ ሜዳው በኩል። ከከተማው በኩል አይደለም። አብሮ የተገነባ ነው። ይህን በር የሚዘጋው ሰው ውጭ ነበር የሚቆመው።»

ከውጭ ጃንጥላዎቹ ወደ ሳንቃው ተጠጉ።

«መስፍኑ ነው የሠራው» አሉ መምህሩ። ድምፃቸው የመማሪያ ክፍል ድምፅ ነበር። «ከተማዋን ከያዘ በኋላ። እኛን ሊዘጋብን። ፕሮፌሰሩ ጠርቶኝ ማታ መጥቼ ራሴ አየሁት፤ ልክ ነበር። ለምክር ቤቱ አትንገር አልኩት። ይህ ከተማ ሌላ ምን አለው? ልጆቹ ምን ይዘው ይደጉ? ተንበርክኮ እጁን ከተተና ‹ጉንጉን የምታስቀምጡት ለወህኒያችሁ በር ነው› ብሎ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። አስቆት ነው።»

«መስታወቶቹን ለምን ሰበሩ? በሩን የሚወዱ ሰው?»

መምህሩ ጥያቄው ያልገባቸው መሰሉ። «ሰው ገደለው እንዳይባል ነዋ። ይጠግኑታል ብዬ ነው። የወደቀ ነገር ይጠገናል ብዬ።»

ከንቲባው መምህሩን በክንዳቸው ያዛቸው፤ በእርጋታ ነበር፣ እንደ ድሮ ተማሪ። ቀና ሲል ግን ወደ ሕዝቡ ነው ያየው።

«ስለዚህ የእኛ አይደለም» አለ።

የሚቃወመው አልተገኘም። ከጃንጥላዎቹ ስር አንዲት ሴት አያቷ እዚህ በር ስር ቆማ ታለቅስ እንደነበር ተናገረች፤ በኩራት እንደሆነ ነበር የመሰላት። አንድ ሽማግሌ ምራቁን ተፋ። መሐንዲሱ በሩ እንደ አለት የጸና ነው ብሎ ደገመላቸው፤ ማንም አልሰማውም። ሲኞራ ዴልፊና ፊታቸውን ከአንዱ ወደ ሌላው አዙረው አዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ደረጃቸው ወጡ።

ምክር ቤቱ ለዓመታት ያልደፈረውን በአንድ ስብሰባ ወሰነ። እጁን ያላወጣ አልነበረም። መምህሩ ወህኒ ወረዱ፤ መጽሐፏን ሰው ሁሉ ከመደርደሪያው አውጥቶ ምድጃ ውስጥ ጨመራት። ሴቲሚዮ በዶማ ሞክሮ ኖራው ከድንጋዩ ይልቅ ጠንክሮበት ነበርና፣ ለድማሚት የሚሆን ቀዳዳ መብሳት ጀመረ።

የሲኞራ ዴልፊና ዕቃ የወጣው በዚያ ቀን ነው። ከባቡር ጣቢያው ስር ባለው አዲስ የሲሚንቶ ሕንፃ ውስጥ አንድ ክፍል ተሰጥቷቸዋል። ጋሪው አልጋቸውን፣ መደርደሪያቸውን፣ በገለባ የተጠቀለሉ ሳህኖቻቸውን ጭኗል። ማሬሻሎው መንገዱን ለማስከፈት እዚያ ቆሞ ነበር። ሲኞራ ዴልፊና አጠገቡ ሲደርሱ ጋሪው እንዲቆም አደረጉ።

«መጀመሪያ የተናገርከው ይበቃ ነበር» አሉት።

«ሰው ተገድሎ ነበር ሲኞራ።»

«አውቃለሁ። እሱን መለስክልን?»

አሮጊቷ ለባለጋሪው ምልክት ሰጡ። መንኮራኩሩ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ከላይ የነበረች ወንበር ተንሸራተተች። ማሬሻሎው ደረሰባት፤ ይዞ ወደ ቦታዋ መለሳትና ገመዷን አጠበቀ። ሲኞራ ዴልፊና ዞር ብለው አላዩትም።